የመንጋጋ ጥርስ ነጭ ሙሌት ለምን ይወልቃል?

ስለ ጥርስ ሙሌት ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ኮምፖዚት የሚባለውን ነጭ ሙሌት ነው፤ እሱም በመንጋጋ ጥርስ ላይ ሲሞላ። ሁለቱ ጥያቄዎች የባለሙያ ስለሆኑ መልሳቸው ረዘም ብሏል። ታካሚም ቢያነበው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ወንበር ላይ ተንጋሎ አፉን ከፍቶ ሳለ ምን እየተደረገለት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዬ በነጭ ሙሌት ተሞልቶልኝ አራት ወር ሳይቆይ ሽምብራ ቆሎ ስቆረጥም ሙሌቱ እንዳለ ወለቀ። በሌላው በኩል ያለው ጥቁሩ ግን ከተሞላ አሥር ዓመት አልፎታል፣ ምንም አልሆነም። ነጩ ለመልክ ብቻ ነው እንዴ? በጥቁሩ ላስሞላው?
— ወ/ሮ ዘ.፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወ/ሮ ዘ.፣ “እንዳለ ወለቀ” ያሉት ነገር ብዙ ይናገራል። ጥቁሩ ሙሌት፣ አማልጋም፣ ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። ሐኪሙ ጉድጓዱን ከአፉ ጠበብ ከሥሩ ሰፋ አድርጎ ስለሚያዘጋጀው ሙሌቱ በቅርጹ ተቆልፎ ይቀመጣል። በሥራው መሀል ትንሽ እርጥበት ቢነካውም ከነጩ ይልቅ ይታገሳል። ነጩን ግን የሚይዘው ማጣበቂያው ነው፤ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ስስ ሽፋን። ያ ሽፋን ከጥርሱ ጋር ሳይያያዝ ከቀረ ላዩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን እርጥብ ግድግዳ ላይ እንደተቀባ ቀለም ነው።

ሙሌቱ ሳይሰበር ከነሙሉ አካሉ ከወጣ፣ ከሥሩም ጥርሱ ንጹሕና ጠንካራ ከሆነ፣ ጥፋቱ የቆሎው አይደለም። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ማጣበቂያው ሲቀባ ምራቅ ወይም የድድ ደም ሲነካው ነው። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ደግሞ ለዚህ ከሁሉም አስቸጋሪው ቦታ ነው፤ ምራቅ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ ምላስም አያርፍም። ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ቆሎውን ወይም የሙሌቱን መሳሳት እንጠረጥር ነበር። ከዓመታት በኋላ ወልቆ ከሥሩ ለስልሶና ጠቁሮ ቢገኝ ደግሞ በጠርዙ በኩል አዲስ መበስበስ ገብቷል ማለት ነው።

የወለቀውን ቁራጭ አይጣሉት፣ ይዘውት ይሂዱ። እንደገና ከመሞላቱ በፊት “ጥርሱ በምን ነው ደረቅ የሚሆነው?” ብለው ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። ጥሩው መልስ ራበር ዳም ነው፤ ጥርሱን ብቻ አሳይቶ ሌላውን አፍ የሚሸፍን ቀጭን ጎማ። ከሌለ ደግሞ በጉንጭም በምላስም በኩል ጥጥ ተደርጎ፣ በራሰ ቁጥር እየተቀየረ፣ አንድ ረዳት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምራቅ መምጠጫውን መያዝ አለበት። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ደረቅ አድርጎ ማቆየት እጅግ ይከብደዋል።

ጉድጓዱ ከድድ በታች የሚወርድ ከሆነና ማድረቅ ካልተቻለ፣ ጥቁሩን ወይም ግላስ አዮኖመር የሚባለውን፣ ራሱ ከጥርስ ጋር የሚያያዘውን ሙሌት ማስሞላት ኋላ ቀርነት አይደለም። እንዲያውም በደንብ የተሠራ ጥቁር ሙሌት በጥድፊያ ከተሠራ ነጭ ይሻላል ባዮች ነን። ሜርኩሪ ስላለበት ግን ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች እንዲሁም ለልጆች እንዳይደረግ ይመከራል። እስኪታከሙ ድረስ በዚያ በኩል አያኝኩ፣ በብሩሽና በጥርስ ሳሙና በደንብ ያጽዱት፤ ጥጥም ማስቲካም አይወትፉበት። ሳምንት አያሳልፉት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። መንጋጋቸውን በኮምፖዚት ከሞላሁላቸው ታካሚዎች ጥቂቶቹ “ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካኝ ያመኛል” ብለው ይመለሳሉ። ያለን 37% ፎስፎሪክ አሲድና ባለ አንድ ጠርሙስ ቦንድ (ማጣበቂያ) ነው። ሰከንዶቹን እንዴት ልያዝ? ዴንቲኑንስ (ከላይኛው ሽፋን ሥር ያለውን የጥርስ ክፍል) ምን ያህል ላድርቀው?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የሕመሙም ምንጭ ብዙውን ጊዜ እሱው ነው።

ጥርሱን ለቦንዱ የሚያዘጋጀውን አሲድ መጀመሪያ በጠርዙ ዙሪያ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የላይኛ ሽፋን) ላይ ብቻ ያድርጉ። 15 ሰከንድ ቆጥረው ዴንቲኑንም ይሸፍኑትና ሌላ 15 ሰከንድ ይቁጠሩ። ኢናሜሉ 30 ሰከንድ ያገኛል፣ ዴንቲኑ ከ15 አይበልጥም። ዴንቲን ላይ አሲድ ሲቆይ ማዕድኑን ቦንዱ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ በጥልቀት ያወጣዋል፤ ከሥር ቦንድ ያልሞላው ባዶ የኮላጅን (የፕሮቲን ክሮች) ንጣፍ ይቀራል። ሕመም የሚያመጣው፣ ውሎ አድሮም ማጣበቂያውን የሚበላው በዚያ ንጣፍ ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ ነው። እጥበቱ ቢያንስ 15 ሰከንድ ይሁን።

አሁን ማድረቁ ጋ ደረስን። ኢናሜል ሲደርቅ በረዶ እንደነካው መንጣት አለበት። ዴንቲን ግን ነጭ ከሆነ ተበላሽቷል፤ ማዕድኑ የወጣለት ኮላጅን የሚቆመው በውኃ ተደግፎ ነው፤ አየር ሲመታው ይተኛል፣ ቦንዱም መግቢያ ያጣል። ስለዚህ አየሩን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አይንፉ። ውኃውን በትንሽ የጥጥ ኳስ ወይም ማይክሮብረሽ በሚባለው ደረቅ ትንሽ ብሩሽ ይምጠጡት፣ ኢናሜሉን ብቻ ከጎን በአየር ይንኩት። ትክክለኛው መጠን እንዲህ ይታወቃል፤ የዴንቲኑ ገጽ ያብረቀርቃል፣ በማዕዘኖቹ ላይ ግን ያቆረ ውኃ የለም። ከደረቀብዎት በውኃ የራሰ ማይክሮብረሽ ለጥቂት ሰከንዶች አስነክተው መልሰው ይምጠጡት። ውኃው ከበዛም ጉዳት አለው፤ በቦንዱ ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

የጠርሙሱን መለያ ያንብቡ። ማሟሚያው አሴቶን ከሆነ ዴንቲኑ እርጥብ መሆኑን አጥብቆ ይፈልጋል፤ አልኮልና ውኃ ያለበት በዚህ ረገድ ትንሽ ይታገሳል። አሴቶን ያለበት ጠርሙስ ክዳኑ ክፍት ከዋለ ማሟሚያው ይተንና ቦንዱ ይወፍራል፤ ጠብታው የሚወጣው ሊቀባ ሲል ይሁን፣ ክዳኑም ወዲያው ይዘጋ።

ቦንዱን ቀብተው አይተዉት፤ በማይክሮብረሽ 20 ሰከንድ ያህል ዴንቲኑ ላይ እያሹ ያስገቡት፣ ሌላ ዙርም ይድገሙ። ከዚያ ብርሃን ከማብራትዎ በፊት አየር፤ መጀመሪያ ከሩቅ በለሆሳስ፣ ቀጥሎ ጠንከር እያደረጉ፣ በድምሩ እስከ 10 ሰከንድ። ዓይንዎን ገጹ ላይ ይትከሉ፤ ፈሳሹ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ማሟሚያው አልወጣም። እንቅስቃሴው ሲቆምና ገጹ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲያብረቀርቅ ደርሷል። የደበዘዘ ቦታ ካዩ አንድ ጊዜ ጨምረው ይቅቡ። ብዙዎች የሚያሳጥሩት ይህንን የአየር ጊዜ ነው፤ ማሟሚያ የቀረበት ቦንድ ብርሃን ቢያገኝም በደንብ አይደርቅም።

ስለ አየሩ ራሱ አንድ ነገር። የአየር መርጫውን ለጥቂት ሰከንዶች የአፍ መስታወት ላይ ወይም ሶፍት ላይ ይንፉበት። ነጠብጣብ ወይም የዘይት ጥላ ከታየ ቦንድ እያደረቁ ሳይሆን ውኃና ዘይት እየረጩ ነው። በክረምት የኮምፕረሰሩ ታንክ ብዙ ውኃ ይይዛልና በየቀኑ ከሥር ይፍሰስ፣ ማጣሪያውም ይታይ።

ሙሌቱን ከ2 ሚሊሜትር ባልበለጠ ንብርብር፣ ሰያፍ አድርገው ያስገቡ፤ አንዱ ንብርብር ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ግድግዳዎች ባንዴ አይንካ። ኮምፖዚት ሲደርቅ ከይዘቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይሸበሸባል፤ ሁለቱንም ከያዘ ወይ ግድግዳውን ይስባል ወይ ከወለሉ ይላቀቃል። በ4 ሚሊሜትር ውፍረት ባንዴ የሚገባው ባልክ ፊል ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው፤ መደበኛውን እንደሱ አድርጎ መሙላት ከሥር ጥሬ ሙሌት መተው ነው።

ምራቅ ከነካው መቼ እንደነካው ይዩ። ከአሲድ በኋላ ከሆነ አጥበው 10 ሰከንድ ያህል አሲዱን ይድገሙ። ቦንዱ በብርሃን ከደረቀ በኋላ ከሆነ አጥበው፣ አድርቀው ቦንዱን እንደገና ይቀባሉ። ደም ማቆሚያ ከተጠቀሙም ቅሪቱ በደንብ ይታጠብ፤ ብረት ወይም አሉሚኒየም ያለበት ዝቃጭ ማጣበቂያውን ይከለክላል።

አሠራሩን መቀየር ከቻሉ የእኛ ምክር ይህ ነው። አሲዱን ለኢናሜሉ ብቻ 15 ሰከንድ፤ ለዴንቲኑ ደግሞ 10-ኤምዲፒ (ከጥርስ ማዕድን ጋር የሚያያዝ ንጥረ ነገር) ያለበት ራሱ የሚያሲድ፣ ለብቻው አሲድ የማያስፈልገው ቦንድ። ዴንቲኑን የማድረቁ ጭንቀት በእጅጉ ይቀንሳል፣ የሕመም አቤቱታውም አብሮ ይቀንሳል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ቡኦኖኮር በ1955 አሲድን ጥርስ ላይ ሲሞክር (ያኔ 85% ነበር) የሠራው በኢናሜል ነው። ቦንድ ከዴንቲን ኮላጅን ጋር ተሳስሮ የሚፈጥረውን ንጣፍ ጃፓናዊው ተመራማሪ ናካባያሺና ባልደረቦቹ የገለጹት በ1982 ነው። ኢናሜሉ ቶሎ እሺ ብሎ ዴንቲኑ ይህን ያህል ያስቸገረው ውኃና ኮላጅን ስላለበት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ መንጋጋዎቼ በአንድ ጊዜ ተሞሉ። ከዚያ ወዲህ ጎመንና ሥጋ መሀላቸው እየተሰካ መከራዬን ያሳየኛል። ይለመዳል?
— ከማክሰኝት

መልስ፦ አይለመድም። የሁለቱ ጥርሶች ጎን አልተነካካም ማለት ነው። ጥቁሩ ሙሌት ሲጠቀጠቅ ማትሪክስ የሚባለውን ቀጭን ብረት ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ይገፋዋል፤ ነጩ ለስላሳ ስለሆነ አይገፋም። ስለዚህ ጎበጥ ያለ ከፊል ማትሪክስ ከነሽብልቁና ጥርሶቹን ከሚለያየው ቀለበት ጋር ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ማትሪክስ ዙሪያውን ጠምጥሞ ነጭ ሙሌት መሙላት እንዲህ ያለ ክፍተት ይተዋል። የጥርስ ክር ያስገቡ፤ ጠቅ ብሎ እየተቃወመ መግባት ነበረበት፣ ዝም ብሎ ካለፈ ክፍት ነው። ከላይ በመጨመር አይስተካከልም፤ የጎኑ ክፍል ተነሥቶ እንደገና ይሠራ። ካልተሠራ ድድዎ ያብጣል፣ ጎረቤቱም ጥርስ ይበላል። በስንጥር መጎርጎሩን ግን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ መብራት እየተቆራረጠ ያስቸግረናል። የሙሌት ማድረቂያ መብራታችን በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃኑ ይታያል፣ ግን ኃይሉ በቂ መሆኑን በምን እናውቃለን? በሥራ መሀል መብራት ቢጠፋስ?
— የክሊኒክ ባለሙያዎች፣ ማራኪ

መልስ፦ ዓይን አያውቀውም፤ የደከመውም ብርቱውም ሰማያዊ ነው። ኮምፖዚቱን በብርሃን የሚያደርቀው ካምፎርኩዊኖን የሚባል ንጥረ ነገር የሚቀሰቀሰው በ468 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን ነው። ለ2 ሚሊሜትር ንብርብር በ20 ሰከንድ የሚሠሩ ከሆነ ወደ 1000 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲሜትር ያህል ኃይል ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል። ራዲዮሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ካላችሁ በየሳምንቱ ለኩ።

ከሌላችሁ የመጠጫ ስትሮ ይበቃል። ከስትሮ 1 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ፣ መስታወት ላይ አቁሙትና ኮምፖዚት ሙሉበት። ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ አልብሳችሁ በተለመደው ርቀት 20 ሰከንድ አብሩበት። ከስትሮው አውጥታችሁ ከታች ያለውን ለስላሳ ክፍል በፕላስቲክ ማንኪያ ፋቁ። የቀረውን ጠንካራ ርዝመት ለክታችሁ ለሁለት ስታካፍሉት መሣሪያችሁ በትክክል የሚያደርቀውን ጥልቀት ታገኛላችሁ። 4 ሚሊሜትር ከቀረ ጥልቀቱ 2 ነው፣ ሥራችሁን ቀጥሉ። 3 ከሆነ ግን በየጊዜው ከሥር ጥሬ እየተዋችሁ ነው። በተመሳሳይ ቀለም በየወሩ እየሞከራችሁ መዝገብ ላይ አስፍሩት።

ኃይል የሚቀንሰው ባትሪ ብቻ አይደለም። ጫፉ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት ተለጥፎ ይሆናል፤ በየታካሚው እዩት። የሚለበሰው ፕላስቲክ ስፌቱ ጫፉ ላይ ካረፈም ብርሃን ይጋርዳል። ርቀቱም ከባድ ነው፤ የመንጋጋ ጎን ጉድጓድ ወለል ከመሣሪያው ጫፍ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ሊርቅ ይችላል፣ እዚያ የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ያነሰ ነው። የመጀመሪያውን ንብርብር 40 ሰከንድ አድርጉት፤ ማትሪክሱ ከወጣ በኋላ ደግሞ በጉንጭና በምላስ በኩል ጨምሩለት። ባለ ብርቱካናማ መነጽር አድርጋችሁ ጫፉን እያያችሁ ያዙት። ፊቱን አዙሮ የሚይዝ ሰው እጁ ሳይታወቀው ይንሸራተታል።

መብራት ሲጠፋ ማድረቂያው ባትሪ ስላለው አያሳስብም፤ የሚያሳስበው መምጠጫውና ኮምፕረሰሩ መቆማቸው ነው። ቦንዱ ደርቆ ከነበረ በጥጥ ከልላችሁ ንብርብሩን ጨርሱ። አሲድ ላይ ወይም ቦንድ መሀል ከነበራችሁ ግን አትግፉበት። በእጅ የሚቀላቀል ግላስ አዮኖመር ሁልጊዜ በእጃችሁ ይኑር፤ ኤሌክትሪክም ብርሃንም አይፈልግም፣ ራሱ ከጥርስ ጋር ይያያዛል። በዚያ ዘግታችሁ ታካሚውን ለሌላ ቀን ቅጠሩት።

ጥያቄ፦ ከተሞላሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ስነክስ ብዙም አያመኝም፤ ስለቀው ነው እንደ መብረቅ የሚያነዝረኝ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ወሰድኩ፣ ለውጥ የለውም።
— አቶ መ.፣ ከጠዳ

መልስ፦ አሞክሳሲሊኑ አይረዳዎትም፣ ያቁሙት። ሙሌቱ ከፍ ብሎ ጥርሱ ቀድሞ የሚገጥም ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ሲነክሱ ነበር፤ ያ በባለቀለም ወረቀት ተለክቶ በጥቂት ደቂቃ ይስተካከላል። ሲለቁ የሚያነዝር ሕመም ግን ስንጥቅን ያስጠረጥራል። ሐኪሙ እያንዳንዱን የጥርስ ጉብታ ለየብቻ አስነክሶ ይፈትሽ፤ ከተገኘ ጉብታው መሸፈን ወይም ክራውን (ሙሉ የጥርስ ሽፋን) መደረግ አለበት። ቀዝቃዛ ሲነካው ለቅጽበት አመም የሚያደርግና በየሳምንቱ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ መታገሥ ይቻላል። ሙቅ የሚያመው፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ወይም ከቀዝቃዛው በኋላ ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ነርቩ ተቆጥቷልና ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ወንጂ ነው፤ ጥርሴ ቡናማ ነው። አሁን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ነው። መንጋጋዬ ሁለት ጊዜ ተሞልቶ በጠርዙ በኩል ተነሣብኝ። የጥርሴ ቀለም ያመጣው ነው?

መልስ፦ ቀለሙ ሳይሆን ቀለሙን ያመጣው ነገር ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ጥርስ ሲሠራ በኢናሜሉ ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ኢናሜል የላይኛው ገጹ ለአሲድ አይበገርም። በተለመደው ከ15 እስከ 30 ሰከንድ በረዷማ ንጣት ላያሳይ ይችላል። ሐኪምህ ጠርዙን በመቦርቦሪያ ስስ አድርጎ ካሻከረ በኋላ አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየው፤ አጥቦ ሲያደርቀው ካልነጣ ይድገመው። ራሱ በሚያሲድ ቦንድ ብቻ ባይሞላልህ ይሻላል፣ እሱ ለእንዲህ ያለው ኢናሜል ይደክማል። ገና ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ወንጂ ማደግህን ንገረው፤ የጥርሱ ቡናማነት በመንጋጋ ላይ ከመበስበስ ጋር ሊምታታ ስለሚችል ጤናማው ጥርስ እንዳይቦረቦርም ይረዳሃል።

ጥያቄ፦ ጥርሴ ሲያመኝ ቅርንፉድ ወቅጬ እወትፍበታለሁ፣ ያስታግስልኛል። ነገ ልሞላ ነው፤ ችግር አለው?
— ወ/ሮ እ.፣ ከአራዳ

መልስ፦ ማስታገሱ እውነት ነው፤ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ያለው ዩጂኖል ያደነዝዛል። ያው ዩጂኖል ግን ኮምፖዚትና ቦንድ እንዳይደርቁ ያውካል። ሐኪሞች ለጊዜው የሚያደርጉት ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት መድኃኒትም ያው ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አያስገቡበት፣ ጉድጓዱንም በውኃ እየተጉመጠመጡ ያጽዱት። ነገ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የዴንቲኑን ገጽ ፍቆና ፑሚስ በሚባለው ማጽጃ ዱቄት አጽድቶ፣ በአሲድ አጥቦ ከሠራው ብዙው ይወገዳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነና ቅርንፉዱ ለብዙ ቀን ከቆየበት በግላስ አዮኖመር ዘግቶ ነጩን ለሌላ ቀን ቢያቆየው አይክፋዎ፣ እሺ ይበሉት።